ጉድጓዱ ሳይደፈን

ልደታ ውስጥ መንገድ ሲቆፈር የሚደጋገም ጥያቄ አለ። ኤክስካቫተሩ ጥርሱን መሬት ላይ ከማሳረፉ በፊት ፎርማኑ በራቸው ላይ ቆመው ሥራውን ወደሚመለከቱት እናት ጠጋ ይልና «እማማ፣ የውሃው መስመር በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ይላል። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በእጃቸው ያመለክታሉ፦ «ድሮ ቦኖዋ እዚያ ጋ ነበረች፤ ከዚያ በባሕር ዛፉ ሥር አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል»። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል። ቦኖዋም የለችም። ቧንቧው ግን አለ፤ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ከእግራችን ሥር የተቀበረው የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የስልክ መስመር ያለበት ቦታ በምን ይታወቃል? ቅየሳ በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል ርቀት ያስኬዳል? ካርታው ከተሠራ በኋላስ ውሃው በቧንቧው ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ሞዴል እንዴት ይወጣዋል? ነገሩን ከብዙ ወገን ካየሁት በኋላ አንድ እምነት ይዣለሁ። ትልቁ ችግራችን የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን ጊዜን ማሳለፍ ነው። ቧንቧ በዕድሜው ለሁሉም ዐይን የሚታየው በተቀበረበት ቀን ነው። ያን ቀን ያልለካነውን ከዓመታት በኋላ በውድ መሣሪያ፣ በጥርጣሬ፣ አንዳንዴም በኤክስካቫተር ጥርስ እንፈልገዋለን።

የአዲስ አበባ ቧንቧ ታሪክ ከከተማዋ ዕድሜ ብዙም አያንስም። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የገፈርሳ ግድብ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገዳዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ድሬ ተጨመሩ፤ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃም ተከተለ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን እንደ ተቋም የቆመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እንግዲህ ከባለሥልጣኑ በፊት የተቀበረ ቧንቧ፣ በባለሥልጣኑ ዘመን የተቀበረ ቧንቧ፣ ነዋሪው ራሱ ከመሐል መስመር ቀጥሎ ወደ ግቢው ያስገባው ቧንቧ፣ ሁሉም በአንድ መሬት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የተሠሩበትም ነገር እንደ ዘመናቸው ይለያያል፤ ጋልቫናይዝድ ብረት፣ ከባድ የብረት ቱቦ፣ ፒቪሲ፣ ከዚያም የዛሬው ጥቁር ባለ ሰማያዊ መስመር ፕላስቲክ።

ልደታ ለዚህ ጥናት የተመቸ ቦታ ነው የምለው መልኩ ብዙ ጊዜ ስለተለወጠ ነው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በዚህ በኩል ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር የጭቃ ቤቶቹ ሠፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተተከለበት። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከሜክሲኮ በተግባረ ዕድ፣ በልደታና በኮካኮላ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የኮሪደር ልማት መስመሮች አንዱ ከሜክሲኮ ተነሥቶ በሳር ቤት ወደ ጎተራና ወሎ ሠፈር ሄደ።

ይህ ሁሉ ለቧንቧ ካርታ ምን ማለት ነው? የድሮ የመስመር ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧውን የሚያስረው በአካባቢው ካለ ነገር ጋር ነው። «ከግንቡ አጥር 3 ሜትር፣ ከድልድዩ ራስ 12 ሜትር» ይላል። አጥሩ ሲፈርስ፣ ድልድዩ ሲሰፋ፣ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ቢኖርም ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ይበጠሳል። በልደታ የፈረሰው ቤት ብቻ አልነበረም፤ የቧንቧውም ምልክት አብሮ ፈርሷል። እኒያ እናት የሚያስታውሱት ቦኖ በንድፉም ላይ ተሥሎ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን ከቦኖዋ ተነሥቶ የሚለካ ሰው ከየት ይጀምራል?

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ኮኦርዲኔት ነው። ቧንቧው ከአጥር ሳይሆን ከምድር ጋር፣ ማለትም ከብሔራዊ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ጋር ሲታሰር ሠፈሩ ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ እንኳ ቦታው አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን በአገራችን ቀያሾች ዘንድ የታወቀ፣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ግን እምብዛም የማይሰማው አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ካርታ የተመሠረተው አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ላይ ነው። ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ ሥፍራ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ በሰንሰለት ወደ እኛ አገር አደረሰው። በእጃችን ያለው ጂፒኤስና ስልካችን የሚናገሩት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። አንዱን የመሬት ነጥብ በሁለቱ መነሻዎች ብንጽፈው አዲስ አበባ ላይ የካርታው ቁጥር ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅም 90 ሜትር ገደማ ይለያያል።

ሁለት መቶ ሜትር ማለት በልደታ ብዙ ነው። በአንዱ መነሻ የተለካ የውሃ መስመር በሌላው መነሻ በተሠራ የመንገድ ንድፍ ላይ ቢጫን፣ በመንገዱ ጠርዝ የተቀበረው ቧንቧ በኮንዶሚኒየሙ መሐል ሲያልፍ ይታያል። ይህን ያህል የተሳሳተ ነገር ደግሞ ዐይን ይይዘዋል። የበለጠ የሚያስፈራኝ ትንሹ ስሕተት ነው፤ ሽግግሩ በተለያየ ቀመር ሲሠራ የሚፈጠረው፣ ቧንቧውን ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ የሚያሻግረው የሁለት ሦስት ሜትር መዛባት ማንም ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ በየትኛውም የመስመር ፋይል ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የቧንቧው ውፍረት ሳይሆን ቁጥሩ በየትኛው መነሻ እንደተለካ ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። ከመሬት በላይ ያለውን፣ ማለትም የማንሆል ክዳኑን፣ የቫልቩን ሳጥን፣ ቆጣሪውንና ምሰሶውን መቀየስ ችግር የለውም። አርቲኬ የሚባለው የሳተላይት ቅየሳ ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ በሁለትና በሦስት ሴንቲ ሜትር ይለካል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ወይም ባቡሩ በድልድይ በሚያልፍበት ሥር ግን የሳተላይቱ ምልክት ከግድግዳ እየነጠረ ይመጣልና ቁጥሩን ማመን አይቻልም። እዚያ ቶታል ስቴሽን የሚባለው የማዕዘንና የርቀት መለኪያ ተተክሎ፣ ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ፣ በፕሪዝም እየተከተሉ መሄድ የግድ ነው። ሥራው ቀርፋፋ ቢሆንም ትክክል ነው።

የተቀበረውን ማግኘት ሌላ ታሪክ ነው። የብረት ቧንቧና የመብራት ኬብል በኤሌክትሮማግኔቲክ ጠቋሚ ይገኛሉ። መሣሪያው በቫልቩ በኩል በመስመሩ ላይ ምልክት ይለቃል፤ ባለሙያው ከላይ እየተራመደ ያዳምጣል። ፕላስቲክ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ለዚህ መሣሪያ የሌለ ያህል ነው። ብዙ አገሮች ፕላስቲክ ቧንቧ ሲቀብሩ ከላዩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አብረው ይዘረጋሉ፤ ሽቦው ነገ ጠቋሚው የሚያዳምጠው ድምፅ ይሆናል። በሜትር የሚወጣው ወጪ ከቧንቧው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በእኔ ግምት አዲስ መስመር በሚዘረጋ ውል ሁሉ ውስጥ መግባት ያለበት አንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ሽቦ ነው።

ቀጥሎ የመሬት ሰርሳሪ ራዳር አለ። እንደ ሣር ማጨጃ በሚገፋ ጋሪ ላይ ሆኖ የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ ከቧንቧው ተመልሶ ሲመጣ በስክሪኑ ላይ የተገለበጠ ቅስት ይሣላል። ብረትንም ፕላስቲክንም ስለሚያይ ብዙ ሰው ተአምረኛ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሆኖም ራዳር አፈር ይመርጣል። በደረቅ አሸዋ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚወርደው ሞገድ በእርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ አንድ ሜትር ሳይሞላ ይሞታል፤ ሸክላው ኃይሉን ይውጠዋል። አዲስ አበባ ደግሞ፣ በተለይ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ የጥቁር ዋልካ አፈር አገር ናት። በሐምሌ ዝናብ ዋልካ ላይ ራዳር መግፋት ገንዘብ ማባከን ነው። በባለሙያዎቹ ዘንድ ደግሞ አንድ የልምድ ልክ አለ፤ የሚታየው ቧንቧ ውፍረት ከጥልቀቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት። በ1 ሜትር ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር እንደማለት ነው። ወደ ቤት የሚገባው የግማሽ ኢንች ቧንቧ በዚህ ልክ ከዐይን ውጭ ነው። ጥልቀቱም የሚሰላው ሞገዱ በአፈሩ ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በስሕተት ከተገመተ ጥልቀቱም ይሳሳታል።

ይኸው ዋልካ አፈር ሌላም ጉዳት አለው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እያበጠና እየተሰነጠቀ የቧንቧውን መገጣጠሚያ ያላቅቃል። ቧንቧን የሚሰውረው አፈር ራሱ ሰባሪው ነው። በባቡሩ መስመር አጠገብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ቀላል ባቡሩ የሚሄደው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ባሉ ባቡሮች አቅራቢያ ከሐዲዱ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ የብረት ቧንቧን ፈጥኖ እንደሚበላ የታወቀ ነው። የልደታ ካርታ ቧንቧው ብረት መሆኑንና ከሐዲዱ ያለውን ርቀት አብሮ ካልያዘ ቀድሞ መጠንቀቅ የሚቻልበት መንገድ የለም።

በዓለም ላይ የተቀበረ መስመር መረጃን በእምነት ደረጃ መከፋፈል የተለመደ ሆኗል። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ከዲ ይጀምራል፤ ይህ ከድሮ ወረቀትና ከሰው ቃል የተገኘ መረጃ ነው። ሲ በገጽ ላይ ከሚታዩ ክዳኖችና ቫልቮች ጋር የተመሳከረ ነው፤ ቢ በጠቋሚና በራዳር የተፈለገ፤ ኤ ደግሞ ጉድጓድ ተከፍቶ፣ ቧንቧው በዐይን ታይቶ የተለካ። እንግሊዞችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። ይህ አከፋፈል የእናታችንን ጣት አይንቅም፤ ቦታ ይሰጠዋል። የእሳቸው ምስክርነት ደረጃ ዲ ነው፤ ይመዘገባል፣ ግን ኤ ተብሎ አይቆፈርበትም። በእኛ ዘንድ ጥፋት የሚመጣው ዲ የሆነው መረጃ በኮምፒዩተር ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆኖ ሲሣል ኤ መስሎ ስለሚታይ ነው።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በ71 የአሜሪካ የመንገድ ፕሮጀክቶች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት የተቀበረ መስመርን ቀድሞ ለመፈለግ የወጣ እያንዳንዱ ዶላር 4.62 ዶላር እንዳዳነ አስልቷል። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ የእኛ የቁፋሮ ዋጋም የሥራ መቆም ኪሳራም ሌላ ነውና በቀጥታ ልንወስደው አይገባም። አቅጣጫውን ግን እቀበላለሁ።

ሕጉ ብዙ አገር የመጣው ከሐዘን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2004 በቤልጂየም ጊስለንጊየን በግንባታ ሥራ ተጭሮ የቆየ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ 24 ሰዎች ሞቱ። ፈረንሳይም በ2007 እና በ2008 ቦንዲና ሊዮን ላይ ከደረሱ የጋዝ ፍንዳታዎች በኋላ ሕጓን አጠበቀች፤ ከ2012 ጀምሮ አንድ መስመር «ክፍል ኤ» ለመባል፣ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ቦታው በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መታወቅ አለበት። አሜሪካ ከ2007 ጀምሮ ከመቆፈሩ በፊት የሚደወልበት 811 የሚባል ቁጥር አላት። ኔዘርላንድስ ቆፋሪ ሁሉ አስቀድሞ እንዲጠይቅ፣ የመስመር ባለቤት ሁሉም ካርታውን እንዲሰጥ በሕግ አስገድዳለች። ህንድም በ2023 ለዚሁ ሥራ የስልክ መተግበሪያ አውጥታለች። እኛ በከተማችን በየቤቱ የሚሄድ የጋዝ ቧንቧ ስለሌለን እንዲህ ያለው ፍንዳታ አይደርስብንም። የእኛ ጉዳት ዝም ያለ ነው፤ የተበጠሰ ፋይበር፣ የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል የነካ ቆፋሪ፣ ፍሳሽ የገባበት የመጠጥ ውሃ። ዝምታው ጉዳቱን ትንሽ አያደርገውም።

አገራችን ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 857/2006 የፌዴራል የተቀናጀ መሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር፤ ዓላማውም መንገድ ሠሪው፣ ውሃው፣ መብራቱና ቴሌው እየተናበቡ እንዲሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባን ሥርዓት አስያዘ። በዚህ ምዝገባ (ካዳስተር) ምክንያት ዛሬ የአንድ ግቢ ድንበር ማዕዘን በኮኦርዲኔት ይታወቃል። ከዚያው ግቢ በር ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ግን ያን ያህል ክብር አላገኘም። መሬትን ከላይ በሴንቲ ሜትር ለክተን ከሥሩ ያለውን በ«ወዲህ ወዲያ» መተዋችን ሥራውን በግማሽ እንደመተው ነው የምቆጥረው።

አሁን ወደ ሞዴሉ። ካርታ ቧንቧው የት እንዳለ ይናገራል፤ ሞዴል ደግሞ ውሃው ምን እንደሚያደርግ። ለዚህ በዓለም በሰፊው የሚሠራበት ኢፓኔት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነፃ የሚያድለው ፕሮግራም ነው፤ የውሃ ምሕንድስና ተማሪዎቻችንም ያውቁታል። የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከፍታ፣ የቧንቧው ርዝመትና ውፍረት፣ የውስጡ ሸካራነት፣ ነዋሪው የሚቀዳው መጠን። ከእነዚህ ሁሉ ቀያሹን በቀጥታ የሚመለከተው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥታ ወደ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። አሥር ሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ነው። ከፍታው በ10 ሜትር የተሳሳተ ሞዴል አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ይደርሳል ይላል፤ በእውነቱ ግን አንደኛ ፎቅ ላይ ይቆማል።

ከፍታ ላይ ሌላ ወጥመድም አለ። ጂፒኤስ በቀጥታ የሚሰጠው ቁጥር ከሒሳባዊ የምድር ቅርጽ ላይ የሚለካ እንጂ ከባሕር ወለል አይደለም፤ ሁለቱ በሜትሮች ይለያያሉ። ለግፊት ልዩነት ሁሉም ነጥብ በአንድ ዓይነት ከተለካ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለፍሳሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍሳሽ በራሱ ክብደት ነው የሚሄደው፤ በመቶ ሜትር ውስጥ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ተዳፋት ይበቃዋል። የአንዱ ማንሆል ወለል በድሮ ቤንች ማርክ (ከባሕር ወለል በተለካ የከፍታ ምልክት)፣ የቀጣዩ በጂፒኤስ ከተለካ በወረቀት ላይ ፍሳሹ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የፍሳሽ መስመር እስከ ዛሬ በሌቭል፣ በእግር፣ ክዳን እየተከፈተ ይለካል፤ የሚተካውም አላየሁም። የቃሊቲ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ይዞ ተነሥቶ በ2018 ወደ 100,000 ሲያድግ፣ ወደዚያ የሚወስዱት መስመሮች የእያንዳንዳቸው ማንሆል ወለል መታወቁ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የሞዴሉ ትልቁ ፈተና ግን ፈረቃ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የተሠሩት ቧንቧው ሌት ተቀን ሙሉ ሆኖ ለሚኖርበት ከተማ ነው። ልደታ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በቀኑ ነው፤ ሲመጣም ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍታል፣ በየጣራው ያለው ሮቶ ይሞላል። ከፍ ያለው ቤት የሚያገኘው ዝቅ ያለው ከጠገበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኢፓኔት 2.2 ግፊት ሲያንስ የሚቀዳውም እንደሚያንስ ማስላት ስለጀመረ ለእኛ ሁኔታ ይቀርባል፤ ያም ሆኖ ሮቶውን እንደ አንድ ትንሽ ማጠራቀሚያ በሞዴሉ ውስጥ ያላስገባ ሰው የልደታን ማለዳ አያገኘውም። ውሃው ሲሄድ ደግሞ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። የውሃው መስመርና የፍሳሹ መስመር በአንድ ካርታ ላይ፣ በአንድ መነሻ፣ ከነጥልቀታቸው መሣል ያለባቸው ለዚህ ነው። የሚጠጣው ውሃ ቧንቧ ከፍሳሹ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ ይገባዋል።

ካርታው ለሚጠፋው ውሃም ያስፈልጋል፤ የከተማዋ ሪፖርቶች ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚጠፋ ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። የፈሰሰውን ከተሰረቀው፣ ቆጣሪ ካላነበበው ለመለየት ሠፈሩን በቫልቭ ከፍሎ መግቢያው ላይ መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ቫልቮቹ የት እንዳሉ መታወቅ አለበት፤ አስፋልት የለበሱትን፣ የጠፉትን ጨምሮ።

የኮሪደር ልማቱ በዚህ ረገድ ዳግም በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነበር፤ በቀጣዮቹ ምዕራፎችም ዕድሉ አላለፈም። ኬብሎች ከምሰሶ ወርደው በቱቦ ውስጥ ሲቀበሩ፣ የዝናብ ውሃና የፍሳሽ መስመር ሲታደስ መሬቱ ክፍት ነበር። በዚያ ቀን አንድ ቀያሽ ፕሪዝሙን በቧንቧው ጀርባ ላይ አቁሞ በየ10 ሜትሩ ሦስት ቁጥር ቢወስድ ደረጃ ኤ ይሆናል፤ ጊዜውም የሻይ ዕረፍት ያህል ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ለዚያው ቁጥር ራዳር፣ ጠቋሚና ሁለተኛ ቁፋሮ ይጠይቃል፤ ሥራው ሌሊት ሲፋጠን መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ልኬት መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን የሚያገኘው የተሠራውን የሚያሳይ ንድፍ ከነኮኦርዲኔቱ ሲያስረክብ ብቻ ቢሆን፣ ልኬቱ ራሱን ያስከብር ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አለን። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን እገዛ የተመሠረተው ሕንፃ ኮሌጅ እዚሁ ልደታ ነው፤ ተግባረ ዕድ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ለባቡር ጣቢያው ስሙን የሰጠ ጎረቤት ነው። የአንድ ሴሚስተር የመስክ ልምምድ ተማሪዎቹን ከግቢያቸው በር ጀምሮ ክዳን እየከፈቱ፣ ሌቭል እያነበቡ ወደ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንዲወርዱ ማድረግ ይችላል። ከጎናቸው ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ይሂድ፤ «እዚህ ጋ መስመሩ ይታጠፋል» ሲል ቃሉ ከነቀኑ በደረጃ ዲ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ለሌላ ሥራ መሬቱ ሲከፈት ወደ ኤ ይነሣ። እኒያ እናትም ከበራቸው ሆነው ቦኖዋ የነበረችበትን ያሳዩዋቸው፤ ልጆቹ እዚያው ላይ ሚስማር መትተው ቁጥሩን ይውሰዱ።